ወረንጦው የማን ነበር? የአካል ጉዳት ታሪክ በቤት ዕቃ ሲነበብ

በገጠር ገበያ ከመርፌ፣ ከምላጭና ከማበጠሪያ ጋር ተደርድራ የምትሸጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች፤ ወረንጦ። ከትንሽ ጣት አትበልጥም። ቀጭን ብረት ወገቡ ላይ ይታጠፍና ሁለቱ ጫፎቹ እንደ ወፍ መንቁር ይገናኛሉ፤ ሌላ ነገር የላትም። እረኛ እሾህ ይነቅልባታል፣ ባልቴት ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላታለች። ይህች ዕቃ ሙዚየም ብትገባ የሚጻፍላት ካርድ ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ወረንጦ፤ ከብረት የተሠራ፤ እሾህ ማውጫ፤ ጎጃም»። ሐሰት የለበትም። ጎዶሎ ግን ነው።

ከጣና ዳር የምትኖረው አክስቴ በወረንጦዋ እሾህ ስታወጣ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም በየሦስት ቀኑ፣ የጠዋት ፀሐይ ደጃፉን ሲመታው ዱካ ላይ ትቀመጥና «ና እስቲ አንተ፣ ያንተ ዓይን ገና ልጅ ነው» ትለኛለች። ጭንቅላቷን ወደ ግድግዳው ደገፍ ታደርጋለች። እኔ የዓይኗን ቆብ በአውራ ጣቴ ሳብ አድርጌ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ነጭና ቀጭን ስለሆነ ወደ ብርሃን ካልዞረች አይታይም። ስነቅለው ትንፋሿን ትይዛለች፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ ከዚያ «እፎይ፣ ወጣልኝ» ትላለች። በዚያ ዕድሜዬ ይህ ውኃ እንደ መቅዳት፣ ጥጃ እንደ ማሰር ያለ የልጅ ሥራ ነበር። ስም ያለው በሽታ መሆኑን የሰማሁት አድጌ ነው።

ስሙ ትራኮማ ይባላል። ባክቴሪያ የሚያመጣው የዓይን በሽታ ሲሆን ከልጅ ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፣ በነጠላ ጫፍ፣ ዓይን ላይ በሚያርፍ ዝንብም ይተላለፋል። አንዴ ይዞ ቢለቅ ብዙም ባልጎዳ፤ ክፋቱ መመላለሱ ነው። ከዓመት ዓመት ሲመላለስ የላይኛው የዓይን ቆብ ውስጡ ጠባሳ ያበጃል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይጠቀልለዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይንን መጠበቁን ትቶ ይወጋው ይጀምራል። ሰው ዓይኑን ባርገበገበ ቁጥር የዓይኑ ፊት ይፋቃል፤ የተፋቀው እየደፈረሰ ይሄድና ብርሃን ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። የሽፋሽፍቱ መቀልበስ በሴቶች ላይ ይበረታል፤ ሕፃን አቅፈው የሚውሉት እነርሱ ናቸውና። ዛሬ ቆቡን የሚያስተካክል አጭር ቀዶ ጥገና አለ፣ በዘመቻ የሚታደል መድኃኒት አለ፣ የልጆች ፊት መታጠቡን የምትጠይቅ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች። ከዚህ ሁሉ በፊት የነበረው ወረንጦ ነው።

እንግዲህ «እሾህ ማውጫ» ተብሎ የታለፈው ዕቃ የዚህ አገር ሴቶች ዓይናቸውን ላለማጣት የታገሉበት መሣሪያ ነው። የአካል ጉዳት ታሪክ በሙዚየም ይታይ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከውጭ የሚመጣ ልዩ ዕቃ፣ ልዩ ክፍል፣ ልዩ በጀት ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። ዕቃው ቀድሞውኑ መደርደሪያው ላይ አለ፤ የጎደለው «በማን እጅ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ለማፍታታት ከሁለት አስተሳሰቦች መነሣት ይሻላል። አንደኛው አካል ጉዳትን በሰውየው ሥጋ ላይ ብቻ ያያል፤ መፍትሔውም ወይ ሐኪም ነው ወይ ጠበል ነው ወይ ምጽዋት። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብሪታንያ በአካል ጉዳተኞች በራሳቸው የተነሣ ነው፤ «ጉዳቱ አንድ ነገር፣ እንቅፋቱ ሌላ ነገር» ይላል።

ምሳሌው ከእኛው ከተማ ቢሆን ይቀላል። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው በተሽከርካሪ ወንበሩ እስከ ሐይቁ ዳር ይመጣል እንበል። ባሕር ዳር ሜዳ ናትና እስከዚያ ድረስ ከማንም እኩል ነው። ወደ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ግን ከመሳፈሪያው ዝቅ ብሎ ቆሟል፤ ከመሳፈሪያው ወደ ጀልባው የሚያሻግር ሰፊ ሳንቃ የለም። ሁለት ጎረምሶች ያነሡትና እንደ ጤፍ ጆንያ ያስገቡታል። አንድ ሰዓት ያህል ቀዝፎ፣ ይቅርታ፣ በሞተር ተጉዞ ሲወርድ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡናው ጫካ ውስጥ ሽቅብ ነው፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር የበዛበት። ይህን ሰው ጉዳተኛ ያደረገው ምኑ ነው? እግሩ አስፋልቱ ላይ ሳለም ያው እግር ነበር። በመካከል የተለወጠው ሳንቃው ነው። የመጀመሪያውን አስተሳሰብ የሚከተል ሙዚየም የሐኪሙን መጋዝ ይሰበስባል፤ ሁለተኛውን የሚከተል ስለ ሳንቃው ይጠይቃል።

ሌላውም ዓለም በዚህ ነገር ቶሎ አልነቃም። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንግሊዙ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአገራቸውን ሙዚየሞች ሲመረምሩ ከአካል ጉዳተኞች ሕይወት ጋር የተያያዘ ዕቃና ሥዕል በየመጋዘኑ ሞልቶ አገኙት። ለተመልካች የቀረበው ጥቂት ነበር፤ ከቀረበውም ውስጥ ግንኙነቱ የተነገረለት ከዚያ ያንሳል። በአሜሪካ ደግሞ የስሚዝሶኒያን ተቋም የኤድ ሮበርትስን ወንበር በክብር አስቀምጧል። ሮበርትስ በ14 ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ተሳነው፤ በኋላ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ የአካል ጉዳተኞችን የመብት ንቅናቄ ከመሩት ሰዎች አንዱ ሆነ። ወንበሩ በባትሪ የሚሄድ ሲሆን ከኋላው መተንፈሻ መሣሪያ ማስቀመጫ፣ ከፊቱ ደግሞ ለሌሊት ጉዞ መብራት አለው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ መብራቱ ነው። የሆስፒታል ወንበር መብራት አያስፈልገውም፤ መብራት የሚያስፈልገው ሲመሽ ከቤት ለሚወጣ ሰው ነው። አንድ አምፖል ከአንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ በላይ ይናገራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ዕቃዎቹን በብሔረሰብ ብቻ ሳይሆን በሰው ልጅ የዕድሜ ጉዞ ደርድሯል፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። ብልህ አደራደር ነው። የአካል ጉዳት ታሪክም የሚገባው እዚያው መካከል ነው፤ ከልጅ መጫወቻው፣ ከማረሻው፣ ከአልጋው ጎን። ለብቻው ክፍል ሲሠራለት ተመልካቹ በሩ ላይ ቆሞ «ይህ የእነርሱ ነው» ብሎ ያልፋል።

አሁን ዱላዎቻችንን እንያቸው፤ እኔ በበኩሌ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ አለ ባይ ነኝ። አማርኛ ለአንድ እንጨት ስንት ስም ሰጥቶታል! ሽመል አለ፣ ከዘራ አለ፣ ዘንግ አለ፣ ምርኩዝ አለ፣ መቋሚያ አለ። የጣና ደሴቶችን የጎበኘ ሁሉ መቋሚያን ያውቀዋል። ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ አግድም እጀታ አለው። ማኅሌት የሚቆመው ካህን ብብቱ ሥር ወይም ትከሻው ላይ ያደርገውና ክብደቱን ይጥልበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ይቆምበታል፤ ዜማው ሲደርስ ደግሞ ያነሣውና ይዘምምበታል። ስሙም ሥራውም መቆም ነው። ከዚህ እንጨት አጠገብ እግሩን ያጣ ሰው ክራንች ቢቀመጥ ልዩነታቸው ምንድን ነው? የሁለቱም ራስ አግድም ነው፣ ሁለቱም ብብት ሥር ይገባሉ፣ ሁለቱም ሥጋ የማይችለውን ይሸከማሉ። አንዱን ስናይ «ሊቅ» እንላለን፤ ሌላውን ስናይ ሳንቲም እንፈልጋለን። ልዩነቱ ከእንጨቱ አይደለም።

ምርኩዝ ደግሞ ሌላ ምሥጢር አለው። ዓይነ ስውርን ልጅ ሲመራ በእጁ አይጎትተውም፤ አንድ በትር ይይዛሉ፤ ፊተኛው ጫፍ በመሪው እጅ፣ ኋለኛው ጫፍ በተመሪው እጅ። ዓመታት ያገለገለ እንዲህ ያለ በትር ሁለቱም ጫፉ ይወዛል፣ መካከሉ ግን ሻካራ እንደሆነ ይቀራል። ተራ ዱላ ግን አንድ መያዣ ብቻ ነው የሚወዛው። ይህን የማያውቅ ሙዚየም «ዱላ፣ የወይራ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የሚያውቅ ግን ሁለት ሰዎችን ያይበታል፤ አንዱም ልጅ ነው። የልጁስ ታሪክ የማን ነው? ትምህርት ቤት ሳይገባ መሪ ሆኖ ያደገ ልጅ ስንት ነው? አንድ እንጨት ይህን ሁሉ ያስጠይቃል፤ ጫፎቹን በሰም አሽቶ የሚያሳምር ባለሙያ ካላጠፋው በቀር።

ከዓይነ ስውራን ሳንወጣ፣ ጎጃም ስለ ቅኔ ሲነሣ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ሳያነሣ አያልፍም። ብርሃናቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ በወንዶች ዓለም ውስጥ ቅኔ ተምረው ያስመሰከሩ፣ ከዚያም ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት ያስተማሩ ሴት ነበሩ። እንዴት ሆነላቸው? ተሰጥኦው የራሳቸው ነው። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤቱ አሠራርም ረድቷል። ቅኔና ዜማ በአብዛኛው በቃል የሚሰጥ ትምህርት ነው፤ መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ሌሊት ያሰላስላል፣ በማግሥቱ ያቀርባል። መጽሐፍ ማየት ግዴታ ያልሆነበት ትምህርት ቤት ዓይነ ስውሩን ከበሩ አይመልሰውም። ቅድም ሳንቃ ያልኩት ይህ ነው፤ እዚህ ሳንቃው ተዘርግቶ ነበር።

ይህ ለሙዚየም ራስ ምታት ነው። የቤተ ክህነት ትምህርትን ለማሳየት ስንነሣ የምናወጣው ብራና፣ የመቃ ብዕር፣ የቀለም ቀንድ፣ ማኅደር ነው። ሁሉም የሚያነብና የሚጽፍ ሰው ዕቃዎች ናቸው። በቃል የተማረው ሰው ምን ጥሎልን ሄደ? ደበሎው አለ፣ አኩፋዳው አለ፣ መቋሚያው አለ። መምህሩ ወይም መምህርቷ የተቀመጡበት ወንበርም አለ፤ «ወንበር ዘረጋ» የሚለው አነጋገር እንኳ ከዚያ ነው የመጣው። ስለዚህ ከብራናው ጎን ባዶ ወንበር ቢቀመጥና ቅኔ ሲነገር በድምፅ ቢሰማ የዕቃ እጥረት ነው ብዬ አላማርርም። እንዲያውም ከሁሉ የበለጠ እውነተኛ የሚሆነው እርሱ ነው።

የጣና አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎችም በዚህ ዓይን ሲታዩ ሌላ ነገር ይናገራሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ባለ ስድስት ክንፍ ሆነው በአንድ እግር ቆመው ይሣላሉ፤ በጸሎት ብዛት የተሰበረችው እግራቸው አጠገባቸው ትታያለች። ጥር 24 ቀን ስባረ ዐፅማቸው ይከበራል። ለተሰበረ እግር በዓል ያቆመ ሕዝብ መሆናችንን ልብ ብለን አናውቅም። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ደግሞ የበላዔ ሰብእ ታሪክ አለ። ሰባ ስምንት ነፍስ የበላው ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለለመነው አንድ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውኃ ነው። ውኃውን የለመነው በሥጋ ደዌ የቆሰለ ሰው ነበር። ተራኪው ሁሉ ስለ በላዔ ሰብእ ያወራል፣ አስጎብኚውም እንዲሁ፤ የተጠማው ሰው ጠጥቶ ወዴት እንደ ሄደ ግን ማንም አይጠይቅም።

መፃጉዕም አለ። የዐቢይ ጾም አራተኛ እሑድ በስሙ ይጠራል፤ 38 ዓመት በአልጋ ላይ የተኛ ሰው ነው። ሠዓሊዎቹ የሚወዱት የመጨረሻዋን ቅጽበት ነው፤ አልጋውን ተሸክሞ ሲሄድ። የሙዚየም ሰው ብሆን ግን ልቤ የሚቀረው አልጋው ላይ ነበር። 38 ዓመት ያገለገለ አልጋ ጠፍሩ ስንት ጊዜ ተቀይሯል? ማን ጠፈረለት? ያ ሰው «ሰው የለኝም» ማለቱን ወንጌሉ ራሱ ጽፎታል። የእምነቱን ነገር ለባለቤቱ ለቤተ ክርስቲያን እተወዋለሁ፤ ተአምሩን አልነካም። የምለው፣ ተአምር የአንድ ቀን ነው፣ ታሪክ ግን የቀረው 38 ዓመትም ነው።

ከዚህ ከፍ ካለው ነገር ወደ ጫማ እንውረድ። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ሲሄድ የኖረ ገበሬ እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ዝሆኔ እንለዋለን። ከዝሆኔ ዓይነቶች አንዱ በትል ወይም በወባ ትንኝ የሚመጣ አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቧንቧዎች ይዘጋሉ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይህን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ አጥርቶ እስኪያስረዳ ድረስ የማይባል አልነበረም፤ እርግማን ነው፣ የዘር ነው፣ መድኃኒት ረግጦ ነው። ዛሬም የሚል አይጠፋም፤ ጋብቻ የፈረሰበት አለ። መከላከያው ጫማ ነው፤ ዕለት ዕለት እግር መታጠብና ጫማ ማድረግ። አንዴ ያበጠ እግር ግን ገበያ ላይ ያለው ጫማ አይገባለትም፤ በልኩ የተሰፋ ያስፈልገዋል። ሙዚየም ውስጥ አንድ ግራና አንድ ቀኝ የማይመጣጠኑ፣ አንዱ የሌላውን እጥፍ የሚያክል ጥንድ ጫማ ቢቀመጥ ስለ አፈር፣ ስለ ድህነት፣ ስለ ሐሜት፣ ስለ ጫማ ሰፊው ብልሃት በአንድ ጊዜ ይናገራል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጫማም እንደዚሁ ነው። ደዌው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ እግር ሲወጋ አይሰማም፤ ስለዚህ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይሠራላቸዋል። ጫማው በራሱ ስለ ሕመም ሳይሆን ሕመም ስላለመሰማት ይነግረናል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ዕቃ ለምን አይገኝም? ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም። የንጉሥ ዘውድ የሚተርፈው ስለማይሠራበት ነው። ክራንች ግን እስኪያልቅ ይሠራበታል። ጫፉ ሲያልቅ ከአሮጌ ጎማ፣ በረባሶ ከሚሠራበት፣ ቁራጭ ተቆርጦ ይቸነከርለታል፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ በሽቦ ይታሰራል፤ ባለቤቱ ሲሞት ለሌላ ይሰጣል ወይም እሳት ይገባል። ሰው ሠራሽ እግርም እንዲሁ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው በነበረው የባሕር ዳር የአካል ተሐድሶ ሥራ ውስጥ የሚታወቀው ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የሚሠራ እግር ነው፤ ቀላል፣ ርካሽ፣ ውኃ የማይጎዳው። ባለቤቱ ክብደት ሲቀንስ ወይም እግሩ ሲከሳ ይቀየርለታል፤ ልጅ ከሆነማ በየጊዜው ነው። አሮጌው የት ይሄዳል? ማንም «ልጠብቀው» አይልም። በእጅ የሚዘወሩት ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌቶችም፣ ብስክሌት በለመደችው ከተማችን መንገድ ላይ ስንት ዓመት የተሽከረከሩት፣ ሲያልቁ ሰንሰለታቸው ለሌላ ብስክሌት፣ ብረታቸው ለቁራሊዮ ነው። ስለዚህ የሚሰበስብ ሰው መሰብሰብ ያለበት አሁን፣ ዕቃው ገና ሞቅ እያለ ነው።

በተሰበሰበ ጊዜ ደግሞ አይታጠብ፣ አይታደስ። የተቸነከረው ጎማ፣ የታሰረው ሽቦ፣ ብብት ሥር የተጠቀለለው የጨርቅ ቁራጭ፣ የላቡ ወዝ ራሱ ሰነዱ ነው። ፋብሪካው የሠራውን ክራንች በሥዕልም ማየት ይቻላል፤ ባለቤቱ የጨመረበትን ግን ከዚያው ዕቃ በቀር የትም አናገኘውም።

በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ቃል ሌላ ፈተና ነው። አሮጌ መዝገብ ላይ «የቆማጣ ጽዋ»፣ «የዕውር ዱላ» የሚል ቢገኝ ምን ይደረግ? ሰርዞ «የአካል ጉዳተኛ ጽዋ» ማለት ጨዋነት ይመስላል፤ ግን ሰውየው በዘመኑ ምን ተብሎ ይጠራ እንደ ነበር ማስረጃውን ያጠፋል። እንዳለ ለተመልካች ማውጣት ደግሞ ስድቡን በሙዚየሙ አፍ መድገም ነው። የሚሻለው ሁለቱን መለየት ነው፤ የቀድሞው ቃል በመዝገቡ ውስጥ «የዘመኑ አጠራር» ተብሎ ይቀመጥ፣ ለተመልካች የሚቀርበው ካርድ ግን ሰውየውን ዛሬ ራሱ በሚፈልገው ስም ይጥራው። ቅጹም ጥቂት መስመር ይጨመርለት። ማን ተጠቀመበት? ማን ሠራው? ተጠቃሚው ምን ቀየረበት? ከጎኑ ማን ነበር? ስሙ እንዲጻፍ ፈቅዷል ወይ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል እንዳትመስል፤ የአንድ ሰው ደዌ የራሱ ምሥጢር ነው፤ ክራንቹን ሲሰጥ ምሥጢሩን አብሮ ሰጠ ማለት አይደለም።

ካርዱን ማን ይጻፈው ለሚለው መልሱ በሌላው ዓለም የአካል ጉዳተኞች መፈክር ሆኗል፤ «ስለ እኛ ያለ እኛ አይሆንም»። እኔ ወረንጦን የማውቀው ከነቃዩ ወገን ነው። ከተነቃዩ ወገን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነው፤ እርሱ ያልጻፈው ካርድ የእኔን ያህል ብቻ ያውቃል።

የሚነካ ሙዚየምም ያስፈልጋል። በማድሪድ የስፔን ዓይነ ስውራን ድርጅት ያቋቋመው፣ በጣሊያን አንኮና ያለው ኦሜሮ የሚባለውም ጎብኚው ዕቃውን በእጁ እንዲያይ የተከፈቱ ናቸው። እዚህ ላይ የጣና ዳር ሴቶች በአክርማ ሰፌድና መሶብ የሚሰፉባት ወስፌ ትዝ ትለኛለች። ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል ዓይኑን ያጣው በ3 ዓመቱ በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ቤት ውስጥ በወስፌ ሲጫወት በደረሰበት ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሕፈት ሲሠራ ነጥቦቹን ወረቀት ላይ የወጋውም ወስፌ በሚመስል ሹል ብረት ነበር። አንድ ዓይነት ብረት በመጀመሪያ ዘጋ፣ በኋላ ከፈተ። በስፌት መደርደሪያው ላይ ከመሶቡ ጎን የተቀመጠች ወስፌ ይህን ለመናገር ከጥቂት መስመሮች በላይ አትፈልግም፤ መስመሮቹ በብሬልም ከተጻፉ ደግሞ ወሬው ባለቤቱ ዘንድ ደረሰ ማለት ነው።

ሕጉ ከልካይ አይደለም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላለች፤ 30ኛው አንቀጽ ሙዚየምንና ቅርስን በስም ጠቅሶ አካል ጉዳተኞች ሊደርሱባቸው እንደሚገባ ይናገራል። የሕንፃ አዋጁ ቁጥር 624/2001ም የሕዝብ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ ምቹ እንዲሆን አዝዟል። በጀልባ መሳፈሪያው ላይ ሰፊ ሳንቃ ማስቀመጥን የሚከለክል አዋጅ ግን የለም።

ይህን ሁሉ ከጻፍኩ በኋላ አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩና ወረንጦዋን አነሣሁባት። የዓይን ቆቧን ቀዶ ጥገና ካሠራች ቆይታለች፤ ተሽሏታል። ቢሆንም ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሽፋሽፍት ተመልሶ የሚቀለበስበት ሰው አለ፤ እርሷም ከእነርሱ አንዷ ሆና ሁለት ሦስቱ ይመላለሱባታል። ሙዚየም ቢፈልገው ትሰጭው ነበር ወይ አልኳት።

«እኔ ምን ልነቀልበት?» አለችኝ። «ሙዚየሙ ከፈለገ ይግዛ፤ ገበያው ሞልቶ የለም?»

የገበያውማ እሾህ ማውጫ ነው ብዬ ልከራከር ስል፣ ዱካዋን ወደ ፀሐዩ ሳበች። መነጽሬን አየችና ራሷን ነቅንቃ የእህቴን ልጅ ጠራችው።